የጨርቁ ጀርባ

እናቴ ጨርቅ የምትገዛው በጀርባው ነበር። ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ነጋዴዋ ቀሚሱን ዘርግታ ጥለቱን ወደ ብርሃን እያዞረች ስታሞግስላት፣ እናቴ ዝም ብላ ታዳምጥና ጠርዙን በሁለት ጣቷ ይዛ ትገለብጠዋለች። ከዚያ አውራ ጣቷን በጥለቱ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋ ታስኬደዋለች። ክሩ የት ላይ እንደተቋጠረ፣ የት ላይ እንደተዘለለ፣ ሸማኔው የት ላይ እንደደከመውና የት ላይ እንደቸኮለ በጣቷ ታነብበዋለች። ነጋዴዋ «እማማ፣ ፊቱን እዩት እንጂ» ስትላት፣ «ፊቱንማ አንቺ አሳየሽኝ፤ ያላሳየሽኝን ልይ» ትላት ነበር።

ዘንድሮ የጥምቀት ሰሞን የእህቴን ልጅ ይዤ እዚያው ገበያ ወጣሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት በጉለሌ ተረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከገና ማግስት ጀምሮ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ በሰው ይሞላል፤ ታክሲው ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ መራመድ ያቅተዋል። ሱቁ ውስጥ እንደገባን ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ለነጋዴዋ አንድ ፎቶ አሳየቻት። «ይቺን ራሷን ነው የምፈልገው» አለቻት። ነጋዴዋ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አስፍታ ጥለቱን ተመለከተች፤ ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ ሌላ ፎቶ ከፈተችላት። «አሁን የወጣው ይሄ ነው፤ ያንቺው ባለፈው ሰሞን የነበረ ነው።» ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀለው ቀሚስ ዙሪያቸውን ከቧቸው ሳለ አንዱንም በእጃቸው አልነኩትም። እኔ በአጠገቤ የተንጠለጠለውን ጠርዝ ይዤ ልገለብጠው ስል እጄን መለስኩት። ማንም አላየኝም፤ ግን አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስብ ከርሜያለሁ።

ሞድ ተለወጠ ብዬ አላዝንም። ሲለወጥ ነው የኖረው። ባለ ሰፊ ቀይ ጥለቱ ጃኖ የመኳንንት ነበር፤ ዛሬ ማንም በበዓል ቀን ይደርበዋል። የአያቴ ቀሚስ ደረቱ ላይ በእጅ የተጠለፈ ነበር፤ የእናቴ ከታች ጠርዙ ላይ ጣት የማይሞላ ጥለት ነበረው፤ የእህቴ ልጅ የመረጠችው ሺፎን ላይ የተሰፋ፣ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ጥለት ነው። ሦስቱም በየዘመናቸው ያምራሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ልብሱ የሚሠራለት ዓይን ነው። የእናቴ ጥለት ለሰላምታ ያህል የቀረበ ሰው እንዲያየው ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ጉንጭ ለጉንጭ ስትሳሳም ያየኸዋል፣ ዞር ስትል ይጠፋብሃል። የአሁኑ ጥለት ግን ከሰው መዳፍ በማይበልጥ መስታወት ላይ፣ በሺህ ሌላ ምስል መካከል፣ ሲያልፉ ዓይን ለመያዝ የተሠራ ነው። መስፋቱም፣ ቀለሙ መጉላቱም ከዚህ ይመስለኛል። ከሩቅ የሚጣራ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

አማርኛ «ልብስ»ንና «አለባበስ»ን ለይቶ ያስቀምጣል። ልብስ ይገዛል፣ ይሰፋል፣ ይወረሳል። አለባበስ የሚባለው ሰውዬው በልብሱ የሚያደርገው ነገር ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ «አለባበስ ታውቅበታለች» የምትባል ሴት ነበረች፤ ያላት አንድ ነጠላና ሁለት ቀሚስ ነው። ግን ያችኑ ነጠላ በስንት መልክ ትለብሳት ነበር! ለገበያ ስትወጣ ትከሻዋ ላይ ጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ከራስ እስከ ትከሻ ክንብንብ፣ እሑድ እንጦጦ ማርያም ስትወጣ በትእምርተ መስቀል አመሳቅላ፣ ሽማግሌ ቤት አቤት ለማለት ስትገባ ወገቧ ላይ አደግድጋ። ነጠላዋ ያው ነጠላ ናት፤ የምትናገረው ግን በየሄደችበት ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው የሐዘኑ ነው። ማታ የታመመ ሰው ካለ፣ እኛ ልጆች ጠዋት የምናደርገው በር ከፍቶ መንገዱን ማየት ነበር። የዕድሩ ጥሩምባ ገና ሳይነፋ፣ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ስትወጣ ካየን አበቃ። ቃል አልወጣም፤ መርዶው ግን መንደሩን ዞሯል። ሁለተኛዋ ሴት ከበሯ ላይ ሆና የመጀመሪያዋን ታያታለች፣ ወደ ቤት ትመለሳለች፣ ነጠላዋን ገልብጣ ትወጣለች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ በየበሩ አንድ አንድ ነጠላ እየተዘቀዘቀ ይጨመራል። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓይነት መገናኛ ብዙኃን አይቻለሁ፤ ዜናውን የሰማው ሰው ዜናውን ራሱ ለብሶ እንዲወጣ የሚያስገድድ ግን አላየሁም። ሰምተሽ ዝም ማለት አይቻልሽም ነበር። ሰምተሽ ከሆነ ነጠላሽ ይመሰክራል፤ ነጠላሽ ካልመሰከረ አልሰማሽም ማለት ነው፣ ወይም ጨክነሻል።

ከቤታችን ጀርባ አንድ ሸማኔ ነበሩ፤ እኛ ልጆች ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከጨንቻ በኩል ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ እንደሚሠሩት ብዙ ሸማኔዎች። የሥራ ቤታቸው ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ አንድ፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ። ጋሼ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ፤ የመርገጫውን ገመድ በእግር ጣቶቻቸው መካከል ይይዛሉ። በቀኝ እጃቸው መወርወሪያውን ይወረውሩታል፣ በግራቸው ይቀልቡታል፣ ማጉን ጠበቅ አድርገው ወደ ራሳቸው ይመቱታል፣ በእግራቸው ድሩን ይለዋውጡታል። ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ መወርወሪያው ይቆምና ባለ ቀለሙን ክር በጣታቸው ከድሩ ሥር አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። ያን ጊዜ ትንፋሻቸው እንኳ ይቀንሳል።

ግድግዳው ላይ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ ነበራቸው። ይህን ሬዲዮ ደጋግሜ የማስበው ለትዝታ ስል አይደለም። አስቡት፦ የሸማኔ ሁለት እጁ ተይዟል፤ ሁለት እግሩ ተይዟል፤ ዓይኑ ድሩ ላይ ነው። ከሰውነቱ ነፃ የቀረው ጆሮው ብቻ ነበር። ሬዲዮ የገባው በዚያች በቀረችው በር ነው። ከሥራው ምንም ሳይወስድበት ዓለምን አመጣለት። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅቱ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ፣ የሰፈሩ ልጆች ጉድጓዱ ዙሪያ ተኮልኩለን እናዳምጥ ነበር። ታሪኩ ቀለል ሲል መወርወሪያው ይፈጥናል። ሰብለወንጌልና በዛብህ ጭንቅ ላይ ሲሆኑ መወርወሪያው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ጋሼ ክሩን በጣታቸው እንደያዙ ግድግዳውን ያያሉ። ዝግጅቱ ሲያልቅ «እህ» ብለው ይቀጥላሉ።

እናቴ በኋላ ከእሳቸው በገዛችው ነጠላ ጀርባ ላይ አውራ ጣቷን ስታስኬድ «እዚህ ጋ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር» ያለችኝን አልረሳውም። እኔ የት እንደነበር አውቅ ነበር። ያቺ ነጠላ ዛሬም እኔ ጋ አለች፤ በአንድ ስንዝር ውስጥ ሦስት ቦታ ክሩ ላላ ብሏል። የትኛው የታሪኩ ክፍል የትኛው ላይ እንደሆነ መናገር አልችልም። ነገር ግን ድምፅ ወደ ጨርቅ ገብቶ እንደቀረ በጣቴ ይሰማኛል።

እናቴም ስትፈትል እንዲሁ ነበር። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ታሾራለች፤ እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ አፏና ጆሮዋ ግን የጎረቤት ናቸው። ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይመጣል፣ ልቃቂቱ ያድጋል። ወሬና ፈትል አንድ ላይ ነበር የሚያድጉት። የዛሬው ስልክ ግን ዓይንንም እጅንም በአንድ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ስልክ ይዞ መፍተል አይቻልም። ሞክሬዋለሁ፤ ወይ እንዝርቱ ይወድቃል ወይ ስልኩ ይጠፋል።

በዚያን ጊዜ ሞድ ከየት ይመጣ ነበር? ከጋዜጣ ጥቂት፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ነው፣ ግን ለቀሚስ አይሆንም። መነን የሚባለው የንጉሡ ዘመን መጽሔት በየሀብታም ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ዛሬም «መነን» የሚባል ጨርቅ አለ፣ ስማቸው መግጠሙ ሁሌ ደስ ይለኛል። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ፤ ለሃያ ዓመት ያህል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ኖረ፤ ቀለም የገባለት በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው። እኛ ሰፈር ባለቀለሙ የደረሰው ቆይቶ ስለሆነ፣ እኔ የማስታውሰው የዘፋኞቹንና የዜና አንባቢዎቹን ጥለት ግራጫ ሆኖ ነው። አረንጓዴ ይሁን ወርቃማ እኛው ነበርን የምንሞላው።

ይህ መሙላት ነው ዛሬ የጠፋብኝ። በዓል ባለፈ ማግስት አንዲት ጎረቤት ጋሼ ዘንድ ትመጣለች። ፎቶ የላትም። «ትናንት በቴሌቪዥን የዘፈነችው ልጅ የለበሰችው» ትላለች፤ «መስቀል መስቀል ዓይነት ሆኖ፣ አይ፣ መስቀሉ ይሄን ያህል አይደለም፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ዓይን ያለ ነገር አለው።» በአየር ላይ በጣቷ ትሥላለች። ጋሼ ይሰሟታል። አልገባቸውም ብዬ አስባለሁ፤ ሊገባቸውም አይችልም። ከዚያ በራሳቸው ሐሳብ፣ አባታቸው ካስተማሯቸው ጥለት ጋር አዳቅለው አንድ ነገር ይሠራሉ። ሴትየዋ ስታየው «እንዲህ አልነበረም» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን «ይሄም ያምራል» ትላለች። ሌላዋ አይታ የእሷን ትጠይቃለች፤ በአፍ ስትናገረው ደግሞ ሌላ ይሆናል። አንዱ ጥለት ከሰው ሰው ሲያልፍ ሰባት ስምንት ጥለት ይወልዳል። ሳስበው የሽሮ ሜዳ ጥበብ ይህን ያህል የበዛው በትክክል ባለመገልበጡ ነው። ቃል ምስልን ይዞ መሄድ አይችልም፤ መንገድ ላይ የጣለውን ሸማኔው ከራሱ ይተካዋል። ፎቶ ግን ምንም አይጥልም። ሁሉንም ይዞ ይደርስና ሸማኔውን «ይሄንኑ» ይለዋል። አንድ ዘፋኝ በቪዲዮ ክሊፕ የለበሰችው ቀሚስ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሙሉ መደዳ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አየዋለሁ፤ ክር በክር ያው። ሠሪው ከራሱ የሚጨምርበት ክፍተት የለም።

ለማን ዓይን ነው የምንለብሰው የሚለው ጥያቄ እኔ ያመጣሁት አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር በሚደረስበት በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ሚኒ ስከርት የባዕድ ባህል ወረራ ነው ያሉ ተማሪዎች ተነሡበት፤ ወደ አዳራሹ የሚገቡትን ዘለፉ፣ እንቁላል ወረወሩ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። የዚያን ቀን ወጣቶች የጠየቁት ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ ማን እንዲያየን፣ በማን መለኪያ ያማርን እንድንባል ነው የሚል። ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። እንቁላሉ ግን ያረፈው በሴት ልጅ ልብስ ላይ ነው፤ ይህን ባነሣሁት ቁጥር ልቤ ይከብደዋል። ስለ ዓይን የተነሣው ጥያቄ በታየችዋ ላይ ተወረወረ። ዛሬም በስልኩ ላይ የአንዲት ልጅ ቀሚስ አጠረ ወይም ተጣበቀ ተብሎ ከሥሩ የሚጻፈውን ስድብ ሳነብ፣ የወረወረው እጅ ገና አልተመለሰም እላለሁ።

የእኔ ልማድ እንዴት እንደተለወጠ ልናገር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት በየመንገዱ ሲፈስ እኔ ወጣት ነበርኩ። ያየሁትን ሁሉ ልገዛ አቅም የለኝም፤ ከአዟሪ በኪራይ እያነበብኩ እመልሳለሁ። የወደድኩት ቀሚስ ያለበት መጽሔት ሲገኝ ግን ገንዘቤን አውጥቼ እገዛዋለሁ፣ ገጹን ቀድጄ፣ አራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ለልብስ ሰፊው እስካሳየው ወራት ያልፋል። ገጹ በእጥፉ ላይ ይላጣል፣ የልጅቷ ፊት ይጠፋል፣ ቀሚሱ ብቻ ይቀራል። ያን ያህል ጊዜ ይዤው ከዞርኩ በኋላም የምፈልገው ከሆነ በእርግጥ እፈልገዋለሁ ማለት ነበር። ብዙውን ግን ሳላሰፋው ፍላጎቱ ከወረቀቱ ጋር አልቆ ይቀር ነበር።

አሁን ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ አውራ ጣቴ መስታወት ላይ ይሄዳል። የእናቴ ጣት ነው፤ ቅርጹ ሳይቀር። ግን የሚዳስሰው ሌላ ነው። ቡልኮም ይሁን ሐር፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ለጣቴ አንድ ዓይነት ልስላሴ ነው የሚሰማው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሆነብኝን አልረሳም። አንድ ሌሊት የፋሲካ ቀሚስ እያየሁ ነበር፤ ጣቴን አንድ ጊዜ ገፋሁት፣ የሞቱ ሰዎች ዜና መጣ፤ አንድ ጊዜ ገፋሁት፣ ሌላ ቀሚስ መጣ። ደግሜ ስገፋው ነው የደነገጥኩት። በእኛ ሰፈር ሥርዓት ከመርዶው እስከ መንገዱ ድረስ ነጠላ የሚገለበጥባት ጊዜ ነበረች። አጭር ናት፣ ከበር እስከ ጓዳ ሄዶ መመለስ ናት። ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ስልኩ ያቺን ጊዜ አልሰጠኝም። እኔም አልወሰድኩም። ተነሥቼ በጨለማ ውስጥ ነጠላዬን ፈልጌ ዘቅዝቄ ለበስኩና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንዲያየኝ? ማንም። ግን ያን ሳላደርግ መተኛት አልቻልኩም።

ኢንተርኔቱን በአማርኛ ስንጠራው ከሸማኔ ቤት ቃል ተበደርን፤ «ድረ ገጽ» አልን። ቃሉ ሸረሪትንም ያስታውሳል፤ እኔ ግን የምሰማው የጋሼን ድር ነው። ድር የተወጠረ ክር ነው፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላ ጫፍ የተዘረጋ፣ ቶሎ የሚደርስ። ብቻውን ግን ማንንም አያለብስም። ጨርቅ የሚሆነው ማግ በመካከሉ ሲመላለስ ነው፤ ማግ ደግሞ አንድ አንድ እየተወረወረ፣ እየተመታ፣ ጊዜ እየበላ የሚገባ ነገር ነው። ሽሮ ሜዳም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ድሩ ከፋብሪካ የመጣ ክር ሲሆን ማጉን እናቶች በእጃቸው ይፈትሉት ነበር። እኛ ከሸማኔው ቤት ድሩን ወስደን ማጉን እዚያው ትተነው መጣን። ጓደኞቼ ሁሉ በስልኬ ውስጥ ተወጥረው አሉ፤ መካከላችን የሚመላለሰው ግን ሳስቷል።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ከስልክ ላይ መርጬ አንድ ነጠላ አዘዝኩ። ፎቶው ግሩም ነበር፤ ጥለቱ የቀጨኔ አሮጌ ጥለት ይመስላል፣ አረንጓዴውና ጥቁሩ በልክ ገብተዋል። ልጁ በሞተር አመጣልኝ። ከፍዬ ገባሁ፣ መስኮት አጠገብ ዘረጋሁት፣ አማረኝ። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው። ጥለቱ ባለበት ቦታ ትይዩ ምንም የለም፤ የቀለም ጥላ ብቻ ሰርጎ ይታያል። አውራ ጣቴን አስኬድኩት፤ ጣቴ ምንም አላገኘም። ቋጠሮ የለም፣ ዝላይ የለም፣ የቸኮለ ሰው የለም፣ ያረፈ ሰው የለም። የታተመ ነው። ገንዘቤ አላንገበገበኝም። ያዘንኩት ፊቱን ባየሁ ጊዜ ደስ ስላለኝ ነው፤ ዓይኔ ከሸማኔው እጅ የማተሚያ ማሽኑን ለይቶ አላወቀም። የእናቴ ልጅ ሆኜ።

ለስልኩ ፍርድ ሳዳላ እንዳልገኝ ደግሞ የጋሼን ልጅ ማንሣት አለብኝ። አባቱ ሲሠሩ በኖሩበት ዘመን ሸማኔ መባል ስድብ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው እየተባለ፣ ስም እየተለጠፈበት፣ ከብዙ ቤት ጋር እንዳይጋባ ይደረግ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ ኖረ። ጋሼ የሠሩትን ነጋዴ ይወስደዋል፣ ነጋዴዋ ትሸጠዋለች፣ ለባሿ ትመሰገናለች፤ የሠሪው ፊት የትም የለም። ዛሬ ልጃቸው ስልኩን ግድግዳው ላይ፣ ሬዲዮው ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ አስሮ ሲሠራ ራሱን ይቀርጻል። ፊቱ ይታያል። ከዋሽንግተንና ከሚኒሶታ በቀጥታ ይታዘዛል፤ በመካከል የሚቆርጥበት የለም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆቹ 2007 «ለምለም»ን ስትመሠርት የኢትዮጵያን ሸማኔ ሥራ ለዓለም ገበያ አውጥታለች፤ አሁን ልጁ በራሱ አቅም ያንኑ መንገድ በአንዲት ስልክ ይሞክራል። ይህን ለማጣጣል አፍ የለኝም። አባቱ በዚያ ጉድጓድ አርባ ዓመት ተቀምጠው አንድም ቀን በስማቸው ያልተመሰገኑ ሰው ናቸው።

ፎቶው የማያሳየው ሌላም ጀርባ አለ፤ ሳልጠራው ባልፍ እዋሻለሁ። ከጋሞ ደጋ ትምህርት ቤት እናስገባላችኋለን ተብለው ሕፃናት እየመጡ በእነዚህ ጉድጓዶች ዳር ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሸምኑ ኖረዋል። በልጅነቴ ከእኔ ጋር እኩያ የሆኑ አውቅ ነበር፤ እኛ ሬዲዮ ልናዳምጥ ስንገባ ከሌላ ቤት በቀዳዳ የሚያዩን። ያን ጊዜ ለምን ከእኛ ጋር እንደማይቀመጡ አልጠየቅኩም። በጥለት ጀርባ ላይ ትንሽ ትንሽ፣ ጠበቅ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ ሳገኝ አሁን የማስበው እነሱን ነው። የሚያምር ጨርቅ ገልብጦ ማየት ይህንንም ማየት ነው፤ እናቴ እንዲህ ብላ አስባው ይሁን አልጠየቅኳትም፣ አሁን ደግሞ የለችም።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የመረጠችውን ጥምቀት ላይ ለበሰችው። ታቦቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ በሕዝቡ መሐል ቆማ ሳያት አምሮባት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷም ፎቶ ተነሣች። ያን ዕለት ማታ ለእኔም አንድ ነጠላ ላሠራ ወሰንኩና ለጋሼ ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት። የእናቴን ነጠላ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ «ይሄንኑ አላልኩህም፤ እያየህ የራስህን ሥራ» አልኩት። ለሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ የጀመረውን ጥለት ፎቶ ላከልኝ። ብርሃኑ ጥሩ፣ ቀለሙ ጥሩ፣ እሱ የጨመረው ቢጫ መስመር እኔ ልለው ያልቻልኩት ዓይነት ነበር።

«አማረሽ እትዬ?» ብሎ ጻፈ።

«በጣም። ጀርባውን አንሣልኝ።»

ትንሽ ቆየ። ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ጠማማ ነው፣ ግማሹ ጨለማ፣ ብርሃኑ ከበሩ በኩል ብቻ የሚገባ። ጠርዙ ላይ ጨርቁን ገልብጦ የያዘው አውራ ጣቱ ይታያል፤ ጥፍሩ ሥር ቢጫ ክር ተጣብቋል። በሁለት ጣቴ አስፍቼ ክሩን ተከተልኩት። ቋጠሮው የተስተካከለ ነው፣ እጁ የአባቱ ነው። ከመሐል ትንሽ ወረድ ብሎ ግን አንድ ቦታ ላይ ክሩ ላልቶ፣ ሁለት ድር ዘሎ ገብቷል። ያንን ክብ አድርጌ መልሼ ላክሁለት።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?»

«አባዬ ሬዲዮ ክፈትልኝ ብሎኝ ተነሥቼ ነው።»